ለእናቴ ድምፅ የተገዛ ማይክሮፎን

የአባቴን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ነገር ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማይክሮፎን ነው፤ ነገር ግን በስተርጅና ማይክሮፎን ፍለጋ ያስወጣኝ ይኸው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በወገራ በኩል በአንድ የገጠር ክሊኒክ በነርስነት እሠራ ነበር። አባቴ ቀረርቶ አዋቂ ነበር። በሠርግም በደቦም እሱ ካልተነሣ ጨዋታው አይሞቅም። አንድ ዓመት ታላቅ ወንድሜ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ቴፕ ይዞ መጣና የካሴት አንድ ገጽ ሙሉ ቀድቶት ተመለሰ። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም። ካሴቷም ከልብስ ሣጥን ሥር ተቀመጠች።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ስለ ስድስቱ የሕፃናት ክትባቶች የሚያስረዳ ትምህርት በቴፕ ቀድቼ ለእናቶች እንዳሰማ ታዘዝሁ። ባዶ ካሴት ከየት ይምጣ? ቤት ገብቼ ምንም ያልተጻፈባት አንዲት ካሴት አነሣሁ፤ ቁልፉን ተጫንሁና ስለ ኩፍኝ፣ ስለ ትክትክ፣ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ተናገርሁ። ካሴቷ የአባቴ መሆኗን ያወቅሁት ትምህርቱን ሳሰማ ነው። የእኔ ንግግር እንዳለቀ ከመጨረሻዋ ጫፍ ላይ አባቴ ሲስቅና ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። ከዚያ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። እናቶቹ "ይኸ ደግሞ ማነው?" ብለው ሳቁ። እኔ መልስ አልነበረኝም።

የካሴት ዘመን ሰዎች ታስታውሱ እንደሆነ፣ ከካሴት ጀርባ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። እሷ ከተሰበረች ቴፑ በላዩ ላይ ሌላ ነገር አይቀዳም። ያችን ጥርስ የሰበረ ወይም በካሴቷ ላይ "የአባባ ድምፅ" ብሎ ሁለት ቃል የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ እጄን አላሳርፍባትም ነበር።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። ዕድሜዋ ወደ ዘጠና ይጠጋል። ከዳባት ገጠር አምጥቻት ደባርቅ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ቢደክምም ድምፅዋ አለ። ወፍጮ ላይ ሲያንጎራጉሩ ያደጉ ሴቶች ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ትንፋሹ ረዥም። ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ወለደች። ሕፃኑ አልተኛ ብሎ ሲያስቸግራት ደወለች፤ እናቴም በስልክ እሹሩሩ አለችለት። መሐል ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ልጄ መልሳ ደውላ "እማ፣ እባክሽ የእምዬን ድምፅ በደንብ ቅጂልኝ፤ ኋላ እንዳይቆጨን" አለችኝ። እሷ ስለ ካሴቷ ምንም አታውቅም። እኔን ግን ቃሏ እንደ መርፌ ወጋኝ።

ነገሩ ቀላል መስሎኝ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እናቴን አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀዳኋት። ሳዳምጠው ከጉድጓድ የሚመጣ ድምፅ ነው። የእሷ ድምፅ ከሩቅ፣ የዶሮው ጩኸት ከቅርብ። የልጅ ልጄ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ "አያቴ፣ ክሊፕ ማይክ ነው የሚያስፈልግሽ" ብሎ ልጆች ለቪዲዮ የሚጠቀሙባትን፣ ልብስ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ከጓደኛው ተውሶ አመጣ። እናቴ ጋቢ ካልለበሰች አይሞቃትም። በተነፈሰች ቁጥር ጋቢው ማይኳን ይፈትጋታል፤ ስናዳምጠው ሣር የሚጋጥ በሬ ያለ ይመስላል። ክሊፕ ማይክ ለንግግር፣ ያውም ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ልብስ ጥሩ ነገር ነው። ጋቢ ለብሳ እየተወዛወዘች እሹሩሩ ለምትል አሮጊት ግን አይሆንም።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ሳምንት ጎንደር ለሌላ ጉዳይ ስወርድ ኤሌክትሮኒክስ መሸጫዎችን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አንዱ ሻጭ "ለድምፅ ቀረጻ ከሆነ ኮንደንሰር ነው፤ ትንሿን ትንፋሽ ሳይቀር ይይዛል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይይዛል። የወር ጡረታዬን የሚበላ ዋጋ ከፍዬ በዳባት በኩል ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ማታውኑ ሞከርነው። የእናቴን ትንፋሽ ያዘ። የጎረቤቱን ወፍጮ ያዘ። ግቢ ውስጥ ውኃ የሚቀዳውን ጄሪካን፣ በቆርቆሮው ላይ የሚያፏጨውን የደባርቅ ነፋስ፣ የአስፋልቱን ባጃጅ ሁሉ ያዘ። ሻጩ አልዋሸኝም። እኔ ነኝ ስለ ማይኩ ስጠይቅ ስለ ቤቴ ሳልነግረው የቀረሁት።

ከዚህ በኋላ ነው መጠየቅ ያለብኝን ሰው የጠየቅሁት። በከተማችን መዝሙርና ዘፈን የሚቀዳ አንድ ወጣት አለ። በሥራ ዘመኔ እናቱን አዋልጃታለሁና "ሲስተር፣ ምን ልታዘዝ?" ብሎ ቤቴ ድረስ መጣ። ዕቃውን ከማየቱ በፊት ክፍሉ መሐል ቆሞ አንዴ አጨበጨበ። "ይሰማዎታል? ክፍልዎ ራሱ ገደል ማሚቶ አለው" አለኝ። እኛ የስሜን ሰዎች ገደል ማሚቶ ምን እንደሆነ የሚነግረን አያስፈልገንም። ሳሎኔ ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ባዶ ነው። ድምፅ ግድግዳውን መትቶ እየተመለሰ ከመጀመሪያው ድምፅ ጋር ይደባለቃል። ያ ነው "ከጉድጓድ የሚመጣ" ያስመሰለው።

ከዚያ የማይክሮፎን ዓይነት አስረዳኝ። በገባኝ መጠን ላስተላልፍላችሁ። ኮንደንሰር የሚባለው ውስጡ እጅግ ስስ ሽፋን አለው፤ ኤሌክትሪክ ካልመጣለት አይሠራም። ስቱዲዮ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ከማጉያው ወይም ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኛቸው ሣጥን በኩል 48 ቮልት ይላክላቸዋል። ረቂቅ ድምፅ ሳያመልጠው ስለሚይዝ ጸጥ ባለና በተዘጋጀ ክፍል የሚስተካከለው የለም። ዳይናሚክ የሚባለው ደግሞ ሽፋኑ ከሽቦ ጥቅልል ጋር ተያይዟል፤ ሰው ሲናገር ጥቅልሉ በማግኔት መሐል ይንቀጠቀጥና ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሰነፍ ጆሮ አለው ማለት ይቻላል፤ ከአጠገቡ ያለውን እንጂ ከሩቅ ያለውን እምብዛም አይሰማም። መድረክ ላይ ዘፋኞች በእጃቸው የሚይዙት፣ ራሱ እንደ ኳስ የከበበው ዓይነት ይህ ነው። ከእነዚህ በዓለም እጅግ የታወቀው ሹር ኤስኤም 58 እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ እየተሠራ ነው፤ ስሙን አስመስለው የሚሠሩም ስለበዙ ዋጋው ከገበያው በጣም ወርዶ ካያችሁት ተጠራጠሩ።

"እርስዎ ቤት ዶሮ አለ፣ ወፍጮ አለ፣ ነፋስ አለ። ለእርስዎ ዳይናሚክ ነው" አለኝ። የራሱን አውሶኝ ከሞከርሁት በኋላ የእኔን ኮንደንሰር ከፍሎ ወሰደውና በእሱ ምትክ ለቤቴ የሚሆን ዳይናሚክ አስመጣልኝ። እሱ የስቱዲዮ ክፍል አለውና ለእሱ ይሠራል።

ይህን ሲነግረኝ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። አልትራሳውንድ በሌለበት ዘመን የፅንስን ልብ የምናዳምጠው እንደ ጥሩንባ በተሠራች የእንጨት ወይም የብረት ማዳመጫ ነበር። መጀመሪያ የእናቲቱን ሆድ በእጅ ዳስሰን የሕፃኑ ጀርባ በየት በኩል እንደሆነ እናገኛለን። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም እንዲል እናደርጋለን። ከዚያ ነው ጆሯችንን የምናስጠጋው። ልቡ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መምታቱን በዚያች ዕቃ ቆጥረን ስንት ሕፃን አትርፈናል! ጀማሪ ነርስ ቦታውን ሳታገኝ "ማዳመጫዬ ተበላሽቷል" ትላለች። እኔም በዕድሜዬ ማምሻ ያው ጀማሪ ሆኜ ነበር። ቦታውንና ጸጥታውን ሳልፈልግ ዕቃ ስቀያይር ቆየሁ።

ስለዚህ እናንተም ቤት አባት ወይም እናት፣ አያት ወይም አክስት ካሉና ድምፃቸውን ልታስቀሩ ካሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ክፍላችሁን ምረጡ። እኛ ቤት ከሁሉ የተሻለው ማንም ያላሰበው የእህል ማስቀመጫው ክፍል ሆነ። ትንሽ ነው፤ መስኮቱ አንድ ነው፤ በሁለት በኩል የገብስ ጆንያ ተደርድሯል፤ በሦስተኛው በኩል ልብስ ተሰቅሏል፤ ላዩ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ነው። እኛ የጨመርነው መሬቱ ላይ ምንጣፍ፣ ከእናቴ ጀርባ ደግሞ በገመድ የተሰቀሉ ሁለት ብርድ ልብሶች ብቻ ነው። ወጣቱ ሲያጨበጭብ ድምፁ እዚያው ሞተ። ብዙ ሰው የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ስስ ስለሆነ እምብዛም አይጠቅምም። ድምፅ የሚውጠው ወፍራምና ለስላሳ ነገር ነው፤ ፍራሽ፣ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ድምፅ መቅዳት አይታሰብም። ጠዋት ዶሮና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። እኛ ያገኘነው ልጆች ትምህርት ቤት በሚሆኑበት፣ ወፍጮውም በሚያርፍበት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሞባይሎችን ሁሉ አጠፋን፤ ከማይኩ አጠገብ ያለ ስልክ ሊደወልለት ሲል የሚያወጣው ዝዝዝታ ቀረጻ ውስጥ ይገባልና።

ሦስተኛው ርቀቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። ከአፍ እስከ ማይኩ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ማይኩ ላይ የሚደርሰው የድምፅ ግፊት እጥፍ ይሆናል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ማይኩን ማስጠጋት ከሁሉ የሚበልጥ መድኃኒት ነው። እኛ አንድ ስንዝር ወሰድን። ፊት ለፊት ሳይሆን ከአገጯ ጎን ትንሽ ጋደል አድርገን ወደ አፏ አዞርነው። ማይኩ ከፊቱ እንጂ ከጀርባው እምብዛም ስለማይሰማ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጠነው።

ደጋፊ ዕቃዎቹን በአጭሩ ልንገራችሁ። ማቆሚያ የግድ ነው፤ በእጅ የተያዘ ማይክ የእጅን እንቅስቃሴ ሁሉ ይቀዳል። የእኛ የጠረጴዛ ማቆሚያ ነች፤ ጠረጴዛው ሲነካ እንዳያንኳኳ አራት ጊዜ የታጠፈ ፎጣ ከሥሯ አነጠፍን። ከአፍ ፊት የሚቆመውን የትንፋሽ መከላከያ በገንዘብ አልገዛሁም። እጃችሁን ከአፋችሁ ፊት አድርጋችሁ "ጳጉሜ" በሉ፤ የሚመታችሁ ትንፋሽ ማይኩን ሲመታ ቡፍ ይላል። በጥልፍ ክብ ላይ የናይለን ካልሲ ወጥሬ አንድ ጋት ያህል ከማይኩ ፊት አቆምሁት። ሥራውን ይሠራል።

ገመዱ ባለ ሦስት እግር ነው፤ እሱ ወደ ኮምፒውተር በቀጥታ ስለማይገባ ኢንተርፌስ የሚሉት ትንሽ ሣጥን ያስፈልጋል። ይህ ከሁሉ ውድ ዕቃችን ነበር። ይህን ወጪ ለማይችል ሰው በዩኤስቢ በቀጥታ የሚገቡ ዳይናሚክ ማይኮችም አሉ። ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅለን በባትሪ ሠራን፤ መብራት ቢጠፋ ቀረጻው አይቋረጥም፤ የቻርጀሩም ውርውርታ አይገባም። ጆሮን ገጥሞ የሚዘጋ ማዳመጫ ደግሞ አትተዉ። እሱን ስታጠልቁ ማይኩ የሚሰማውን ትሰማላችሁ። እኔ ያለ እሱ ከግድግዳው ጀርባ የሚንጫጫውን ጫጩት ፈጽሞ አልሰማሁትም ነበር።

የድምፁን መጠን በሚያሳየው መስመር ላይ ቀዩን አታስነኩ። ቀዩን የነካ ድምፅ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። ዝቅ ያለ ድምፅ ግን ከፍ ሊደረግ ይችላል። ወጣቱ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አደረገው። ከመጀመራችንም በፊት አንድ ደቂቃ ሁላችንም ዝም ብለን የክፍሉን ጸጥታ ቀዳን፤ እንደ ኦዳሲቲ ያሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ያንን ናሙና ይዘው የቀረውን ሹክሹክታ ይቀንሱታል።

አሁን እንደ ጤና ባለሙያ ጥቂት ልናገር። የሽማግሌ ድምፅ እንደ ወጣት አይደለም። የድምፅ አውታሮቹ ይሳሳሉ፤ የሳንባ ጉልበት ይቀንሳል፤ አፍና ጉሮሮ ይደርቃል። ስለዚህ ቀድማ ለብ ያለ ውኃ ትጠጣ፤ እሳትና ጭስ ካለበት ክፍል ወጥታ ትረፍ፤ ቀና ብላ መደገፊያ ባለው ወንበር ትቀመጥ። ከግማሽ ሰዓት በላይ አታድክሟት። እኛ የጨረስነው በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ሳምንት ውስጥ በስድስት ቀን ነው። ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ጎርንኖ ከቆየ ግን ጉዳዩ የእርጅና ነው ብላችሁ አትተዉት፤ መታየት አለበት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳልም የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። ቀረጻውን ለጤና ጉዳይ ማንቂያ ካደረጋችሁት ሁለት ጥቅም አገኛችሁ ማለት ነው።

ሌላው ፈቃድ ነው። ሕመምተኛን ሳናስፈቅድ አንነካም ነበር። እናቴን "እምዬ፣ ድምፅሽን ልቀዳው፤ ሜሪላንድ ያለው ሕፃን ይሰማዋል፤ ከእኛም በኋላ ይቀራል፤ ትፈቅጃለሽ?" አልኋት። ዝም ብላ ቆየችና "ለልጁ ከሆነ እሺ። ሙሾ ግን በዚህ ቤት አላወጣም፤ ሟርት ነው" አለች። ሙሾዋን እኔ እወደው ነበር፤ በዳባት ዙሪያ ለቅሶ ቤት እሷን የሚተካ አልነበረም። ግን አልጠየቅኋትም። እሹሩሩዋን፣ የወፍጮ እንጉርጉሮዋን፣ የሠርግ ዘፈኖቿን፣ ሦስት ተረትና የትውልድ ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ቀዳን።

በእረፍት ላይ ወጣቱ የልጅ ልጄን "በዓለም ላይ ድምፁ ቀድሞ የተቀዳ የስሜን ሰው ማነው?" ብሎ ጠየቀው። ልጁ አላወቀም፤ እኔም ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በሰም ላይ የተቀዳ የድምፅ መልእክት ልከው ነበር። በተከታዩ ዓመት ምኒልክና ጣይቱም በድምፃቸው መልስ ላኩ። እቴጌ ጣይቱ ደግሞ በአባታቸው በኩል ከስሜን ገዥዎች ወገን ናቸው፤ ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ነበሩ። ወጣቱ ያላቸው ሰዎች ይበልጡ ይሆናል፤ እኔ ግን ከእሳቸው የቀደመ አላውቅም። በዚያ ጊዜ ማይክሮፎን የሚባል ነገር ለዚህ አይውልም፤ ኤሌክትሪክም የለበትም። ተናጋሪው አፉን ወደ ጥሩንባው አስጠግቶ ይናገራል፤ ንዝረቱ መርፌ ይገፋል፤ መርፌው ሰሙን ይጭራል። በቃ። የንግሥቲቱ ቅጂ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ተደረገ። የምኒልክና የጣይቱ ግን እንግሊዝ አገር ስለተቀመጠ ዛሬም ይሰማል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት መሣሪያ የተቀዱ ናቸው። አንዱን ያቆየው የያዘው ሰው ነው።

ይህ ሲወራ እናቴ ጆሮዋን ሰጥታ ትሰማ ነበር። "የጣይቱ ድምፅ አለ?" አለች። "አለ" አልናት። "የአባትሽስ? ያ ወንድምሽ የቀዳው የት ደረሰ?" ብላ ወደ እኔ ዞረች። አርባ ዓመት ያልጠየቀችኝን ያን ዕለት ጠየቀችኝ። የልጅ ልጄም፣ ወጣቱም ባሉበት እውነቱን ተናገርሁ። እንባዬ ቀደመኝ። እናቴ አልተቆጣችም፤ አልደነገጠችምም። ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገችና "አንቺ ልጅ፣ ድምፁ እንጂ ቃሉ መቼ ጠፋ?" አለችኝ።

ከዚያም አባቴ በሠርግ ላይ ይለው የነበረውን ቀረርቶ ከመጀመሪያው ጀመረች። ቀረርቶ የወንድ ጨዋታ ነው፤ እሷ ግን የት ላይ ድምፁን እንደሚያነሣ፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ የት ላይ ጎረቤቱን አየት አድርጎ እንደሚያላግጥ ሳይቀር ታውቀዋለች። ወጣቱ ቀስ ብሎ ቁልፉን ተጫነ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች አምልጠውናል። የቀረው ግን አለ። የአባቴ ድምፅ አይደለም፤ እሱ አንዴ ሄዷል። በማዳመጫው ውስጥ ግን አብራው አርባ ዓመት የኖረች ሴት ጆሮ ምን እንዳስቀመጠ ሰማሁ።

ቀረጻውን መልሰን ስናሰማት እናቴ ግራ ተጋባች። "ይቺ አሮጊት ማናት?" አለች። "አንቺ ነሽ እኮ" አልናት። ትንሽ አዳመጠችና "የኔ እናት ናት እንጂ፤ ድምፅዋ የእናቴ ነው" አለች። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል "እናቴን አሰሙኝ" እያለች ታስከፍተን ነበር።

አሁን ስለ አቀማመጡ፤ እኔ የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነበርና። ዋናውን ሳይጨመቅ፣ ዋቭ በሚባለው ዓይነት አስቀምጡት፤ ባለ 16 ቢት የአንድ ማይክ ቀረጻ በደቂቃ አምስት ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ ብትልኩት ይጨመቅና ይጎዳል፤ በፋይልነት ላኩት። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ። የእኛ አንዱ በፍላሽ እኔ ዘንድ፣ አንዱ ወጣቱ ዘንድ፣ አንዱ ሜሪላንድ ነው። በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ ላይ ደግሞ በሕመምተኛ ካርድ ላይ እንደምንጽፈው በቃላችሁ ተናገሩ፤ የባለ ድምፁን ስም፣ የትውልድ ቦታዋን፣ ቀኑን፣ ምን እንደሚባልና ከማን እንደተማረችው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚሰማው ልጅ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የወጣው ወጪ ቀላል አይደለም። ልጆቼ ባያዋጡ ኖሮ በጡረታ አልወጣውም ነበር። አቅም የሌለው ሰው ግን ይህን አንብቦ እንዳይተወው እለምናለሁ። ስልካችሁን ወስዳችሁ የጆንያ ክፍል ግቡ፤ ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ስልኩን በራሪ ሁኔታ ላይ አድርጋችሁ ከአፍ አንድ ስንዝር ላይ ትራስ ላይ አስቀምጡት። እኔ በመጀመሪያው ቀን ይህን ባደርግ ኖሮ ግማሹን መንገድ ያለ አንድ ብር ሄጄው ነበር። ጥሩ ማይክ እስክትገዙ ድረስ አትጠብቁ፤ ሰዎቻችን አይጠብቁንም።

ሥራው ሲያልቅ ከሣጥኑ ሥር ያችን ካሴት አወጣኋት። ወጣቱ አሮጌ ቴፕ ፈልጎ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘልን። የክትባቱን ትምህርት እስከ መጨረሻው አዳመጥን፤ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ድምፄ ይቸኩላል። ከዚያ ያቺ ጥቂት ሴኮንድ መጣች፤ ሳቁ፣ የጉሮሮው መጠረግ፣ ቀጭ። እናቴ "እሱ ነው" አለች። በሦስቱም ቅጂዎች ላይ ስሙንና ዓመቱን ጽፈን አስቀመጥናት።

ካሴቷን ወደ ሣጥኑ ከመመለሴ በፊት በቢላ ጫፍ የጀርባዋን ጥርስ ሰበርሁ።